ሊቀመንበሩ ያልቆዩበት ጨዋታ

ይድረስ ለክቡር የሆኪ ክለባችን ሊቀመንበርና ላለፈው የውድድር ዘመን ታሪክ አዘጋጅ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
ባሉበት።

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ? ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ ዝናብ ሊመጣ ሲል ቀድሞ የሚነግርዎት ግራ ጉልበትዎ፣ ሁሉም ደህና? እኛ ደህና ነን ብዬ እንዳልዋሽዎት እርስዎ የታሪክ ሰው ነዎት፤ ደህና አይደለንም ብዬ እንዳላስቸግርዎት ደግሞ ሥራ የሚበዛብዎት ሰው ነዎት፤ ስለዚህ አለን ብል ለሁለታችንም ይበቃል።

ምናልባት ረስተውኝ እንደሆነ፣ እኔ ከክለቡ ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ያለችው ጸጉር ቤት ባለቤት ነኝ፤ ጢምዎን ስላጭ፣ ከአናትዎ ላይ የሳሳውን ስፍራ ከጎን ባመጣሁት ጸጉር ስሸፍን የኖርኩ፣ ይህንንም እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬ የማላውቅ ሰው ነኝ። ይህ ነገር በመካከላችን ከገባ ወዲህ ወደ ሌላ ጸጉር ቤት መሄድዎን ስሰማ አልተቀየምኩም፤ ምላጭ በያዘ ቅሬታ አቅራቢ ፊት አንገትን ዘርግቶ መቀመጥ ለማንም አይመከርም። ብቻ ባለፈው ከመንገዱ ማዶ ሲያልፉ የኋላ ጸጉርዎ ወደ አንድ ወገን ተጋድሞ አየሁትና፣ የእጄ ሥራ ነበርና፣ ሆዴ ባባ።

ይህን ደብዳቤ በግልጽ የምጽፍልዎት በዝግ የጻፍኩልዎት ስላልተከፈተ ነው። ጸሐፊዎ፣ ማለትም የባለቤትዎ ወንድም፣ ፖስታውን በሁለት እጃቸው በክብር ተቀብለው ጠረጴዛቸው ላይ አኖሩት፤ ሰንብቼ ብሄድ የሻይ ብርጭቆ ተቀምጦበት አገኘሁት፤ ደግሞም ሰንብቼ ብሄድ የብርጭቆው ቂጥ ያተመው ክብ ምልክት ስሜን በልቶታል። እንግዲህ ግድግዳ ላይ በቆመ ወረቀት ላይ ብርጭቆ ማስቀመጥ ስለማይመች ይህኛውን በሱቄ የመስኮት መስታወት ላይ ለጥፌዋለሁ። ደጅ ቆሞ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ስለማይጠፋ አንባቢ አላጣሁም።

ወደ ጉዳዩ ከመግባቴ በፊት ግን ስለ መጽሐፉ እንኳን ደስ አለዎት ማለት ይገባኛል። ሽፋኑ ጠንካራ ነው፤ ወረቀቱ ያብለጨልጫል፤ የመጀመሪያው ገጽ ላይ እርስዎ የጸባይ ዋንጫውን በሁለት እጅዎ ደረትዎ ላይ አቅፈው የተነሱት ትልቅ ፎቶ አለ፤ ከሥሩም «ሊቀመንበሩ ብቻቸውን ከዋንጫው ጋር» የሚል ተጽፎበታል። ዋንጫ ከጨዋታ የሚመጣ ይመስለኝ ለነበርኩት ለእኔ፣ በጸባይም እንደሚገኝ፣ እሱም በአንድ ሰው ጸባይ ብቻ እንደሚገኝ ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ።

ነገሩን ከሜዳ ርቀው ለሚያነቡ ሰዎች ኮሚቴው እንዴት እንደሠራ ላስረዳ። የውድድር ዘመኑ ሲያበቃ በክለቡ በር ላይ «ለታሪክ የሚበቃ ጨዋታ አለኝ የሚል ይቅረብ» የሚል ማስታወቂያ ወጣ። ሰው ሁሉ ቀረበ፤ ተጫዋቹም፣ ሳር አጫጁም፣ ኳስ አቀባዮቹም፣ የግራ ክንፉ ተጫዋች እናትም። ሁሉም የየራሱን ጨዋታ ተናግሮ ሲያበቃ ኮሚቴው አንድ መመሪያ ብቻ እንዳለው ተገለጸልን፤ ፎቶ ያለው ጨዋታ ይገባል፣ ፎቶ የሌለው አይገባም። መቼም ከዚህ የበለጠ ፍትሐዊ ነገር የለም። የክለቡ ፎቶ አንሺ ደግሞ፣ ምን ያድርግ እንጀራው ነውና፣ ከእርስዎ ጋር ይመጣል፣ ከእርስዎ ጋር ይሄዳል፤ እርስዎ ሲቀመጡ ካሜራው ይቀመጣል፣ እርስዎ ሲነሱ ይነሳል። ስለዚህ ለታሪክ የበቁት ጨዋታዎች እርስዎ የቆዩባቸው ብቻ ሆነው ቢገኙ ይህ የአጋጣሚ ነገር ነው፤ ተንኮል የጠረጠረ ካለ ምቀኛ ነው።

እንግዲህ ቅሬታዎቼን፣ ቅሬታ ማለት ከበዛ ምስጋናዬን፣ በቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ። ስለ መክፈቻው ጨዋታ አራት ገጽ ስለመስጠትዎ አመሰግናለሁ። በዚያን ቀን ሜዳው በዝናብ ተሞልቶ ዳክዬ ብቻ ነበር የቀረው፤ ዳኞቹ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ወደ ቤታቸው ሄዱ፤ እንግዳው ቡድን ከመኪናው እንኳ አልወረደም። እርስዎ ግን የባለቤትዎ ወንድም በያዙልዎት ጃንጥላ ሥር ቆመው ስለ ስፖርትና ስለ ትውልድ ረጅም ንግግር አደረጉ፤ ፎቶም ተነሳ። ይኸው መጽሐፉ ላይ «ታሪካዊው መክፈቻ» ተብሎ ገብቷል። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሏል እንዲህ ነው። ይህን ገጽ በደንብ ያስታውሱልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ፤ ያልተጀመረ ጨዋታ በእርስዎ ዘንድ ጨዋታ መሆኑን ከወዲሁ ልንግባባ ይገባልና።

ሁለተኛ። ከመሥሪያ ቤት ሠራተኞች ጋር ስለተደረገው የወዳጅነት ጨዋታ። የእንግዶቹ በረኛ ታሞ ቀርቶ ስለነበር የእኛን በረኛ ለአንድ ቀን አዋስናቸው። ይህ በረኛ የእኔ ታናሽ ወንድም ነው፤ ሰፈሩ «ግድግዳው» ነው የሚለው፤ እናታችን ብቻ ናት በስሙ የምትጠራው። በጨዋታው መካከል እርስዎ ሱፍ እንደለበሱ ወደ ሜዳ ገብተው የቅጣት ምት እንዲመቱ ተጋበዙ። መጽሐፉ «ሊቀመንበሩ በድንቅ ምት ግብ አስቆጠሩ» ይላል፣ እውነት ነው፣ አስቆጥረዋል። ወንድሜ በዚያ ምሽት እየሳቀ ሲያጫውተኝ «ወንድም ጋሼ፣ በሕይወቴ ጎል ላለማዳን እንደዛሬ ደክሜ አላውቅም፤ የመጀመሪያዋን ምት ሳቱ፣ ሁለተኛዋ እኔ ጋ ሳትደርስ ቆመች፣ በሦስተኛዋ እንደተንሸራተተ ሰው ሆኜ ወድቄ በተረከዜ ገፋሁላቸው» አለኝ። እንግዲህ ድንቁ ምት የማን እንደሆነ እርስዎም ያውቃሉ። ቢሆንም ስሙ አለመጠቀሱን አንድም ቀን አላነሳም፤ ሰውን ማስደሰት ይወድ ነበር።

ሦስተኛ። ይህን ለጊዜው ልለፈውና ወደ አራተኛው ልሂድ፤ ሌላውን ስጨርስ እመለስበታለሁ።

አራተኛ። «ክለባችን በሜዳው አልተሸነፈም» የሚለውን ሳነብ ደስታ ፈነቀለኝ። ሱቄ ከሜዳው አጥር አጠገብ በመሆኗ፣ እኛ ስንሸነፍ እንግዳው ደጋፊ የሚያሰማው ጩኸት የመላጫ ሳሙናዬን ሳህን ያንቀጠቅጣት ነበር፤ ለካ ሳህኗ ራሷ ናት የምትንቀጠቀጠው። ጸሐፊዎን ብጠይቃቸው፣ እየተሸነፍን ስንሄድ እርስዎ ቀደም ብለው ስለሚነሱ ለእነዚያ ጨዋታዎች ፎቶ እንደሌላቸው፣ ፎቶ የሌለው ሽንፈት ደግሞ እንዳልተረጋገጠ አስረዱኝ። ወይ ጉድ! ይህን ብልሃት ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ስንት ያበላሸሁትን ጸጉር እንዳልተረጋገጠ አድርጌ በሸኘሁት።

አምስተኛ። ተጫዋቾቹ በሙሉ አንድ መስመር ላይ «ወዘተ» ተብለው ገብተዋል። ጃንጥላ ያዡ ግን ከነማዕረጋቸው ሦስት ጊዜ ተጠቅሰዋል። የግራ ክንፉ እናት መጽሐፉን ይዛ ሱቄ መጥታ «የልጄን ስም እስቲ ፈልግልኝ፣ ዓይኔ ደክሟል» ብትለኝ ወዘተ የሚለውን በጣቴ አሳየኋትና ይኸውልሽ አልኳት። ደስ ብሏት ሄደች። ምን ላድርግ?

እንግዲህ ነገርን ነገር ያነሳዋልና ወደ ሦስተኛው ልመለስ።

ሦስተኛ። ስለ ውድድር ዘመኑ የመጨረሻ ጨዋታ፣ በእርስዎ አነጋገር ስላልነበረው ጨዋታ።

ክቡርነትዎ የሆኪ ኳስ ጨብጠው ያውቃሉ፤ ድንጋይ ናት። በረኛ ሄልሜት አድርጎ የሚቆመውም ለዚህ ነው። ክለባችን አንድ ሄልሜት ብቻ ነበረው፣ የአገጩ ማሰሪያም ከተበጠሰ ሰንብቶ ነበር። ወንድሜ ለጸሐፊዎ ነገረ፤ ለአሰልጣኙ ነገረ፤ በመጨረሻም እኔ ራሴ፣ እርስዎ ወንበሬ ላይ ተንጋለው ጉንጭዎ በሳሙና አረፋ ተሸፍኖ ሳለ፣ ጌታዬ፣ አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም፣ ያንን ማሰሪያ እባክዎ ይቀይሩለት አልኩዎት። እርስዎም አረፋው አፍዎ እንዳይገባ ከንፈርዎን ሳይከፍቱ «ይህ የውድድር ዘመን ይለፍና» አሉኝ። የውድድር ዘመኑ ሊያልፍ የቀረው አንድ ጨዋታ ነበር። ወንድሜ በጫማ ማሰሪያ አስሮት ገባ።

በዚያ ቀን ሲያካፋ ነበር። በእረፍት ሰዓት ካፊያው ሱፍዎን ነካ ነካ ሲያደርገው ተነሱ፤ ጃንጥላው ተነሳ፤ ካሜራው ተነሳ። ጨዋታው ግን፣ ይቅርታ ያድርጉልንና፣ እርስዎ ሳይኖሩም ቀጠለ። በሁለተኛው አጋማሽ ከቅርብ የተመታችን ኳስ ወንድሜ በደረቱ መለሳት፤ ሲወድቅ የረጠበው የጫማ ማሰሪያ ተፈትቶ ሄልሜቱ ተንከባለለ፤ እንደገና የተመታችው ኳስ ባዶ ጎል ላይ ስትመጣ ሄልሜቱን ከመፈለግ ይልቅ ጭንቅላቱን ይዞ ሄደባት። ከጆሮው በላይ አገኘችው። ክቡርነትዎ፣ ኳሷ አልገባችም። ባዶ ለባዶ ነበርን፣ ባዶ ለባዶም ቀረን። ዳኛው ፊሽካውን ነፋ፤ ቃሬዛ ስላልነበረ ልጆቹ የመልበሻ ክፍሉን በር ከማጠፊያው ነቅለው እሱ ላይ አስተኝተው አወጡት። ያ በር እስከ ዛሬ ድረስ ወደ ቦታው አልተመለሰም፤ ተጫዋቾቹ ልብሳቸውን የሚቀይሩት በመጋረጃ ነው።

ወንድሜ ተርፎ ቤቱ ገባ። እንኳን ተረፈ እያሉ የመጡትን ሁሉ ያውቃቸዋል፤ እናታችንን ያውቃል፤ ልጅ ሳለን የሰረቅነውን ብስኩት ሳይቀር ያስታውሳል። ትዝታው ግን በዚያ የእረፍት ሰዓት ላይ ቆሟል። ሜዳ ዳር ቆሞ ብርቱካን ሲመጥ፣ እዚያ ላይ ያበቃል፤ ከዚያ ወዲህ የሚነገረው ነገር እንደ ውሃ ይፈስበታል። ስለዚህ ሁልጊዜ ማለዳ፣ ሱቄን ስከፍት አብሮኝ መጥቶ ከውስጥ መስኮቱ ሥር ካለችው አግዳሚ ላይ ይቀመጥና፣ «ወንድም ጋሼ፣ ያ ጨዋታ እንዴት ሆነ?» ይለኛል።

ደንበኞቼ ደጋግ ሰዎች ናቸው፣ መርዙም እሱ ሆነ። መምህሩ «አሸነፋችሁ እንጂ!» አለው። ሾፌሩ «ለጥቂት ተሸነፋችሁ፣ ግን አንተ ጀግና ነበርክ» አለው። ልብስ ሰፊው ደግሞ የቱን እንደሚመርጥ ቢቸግረው «የቱ ይሻልሃል?» ብሎ ጠየቀው። ወንድሜ ጭንቅላቱ ተጎዳ እንጂ ሞኝ አልሆነም፤ ሁሉም እያባበለው እንደሆነ ገብቶት ሰው የሚነግረውን ማመን ተወ። ሐኪሙ «በጆሮው የገባው አይቆይለትም፣ በጽሑፍ ስጡት፣ ደጋግሞ ሲያነበው ይይዘዋል» ስላለን እኔው ጨዋታው እንዴት እንደተቋረጠ ጽፌ ሰጠሁት። አነበበና ሳቀብኝ። «ይሄ ያንተ እጅ ጽሑፍ ነው፤ አንተ እኔን ደስ ለማሰኘት የማትጽፈው ነገር የለም። የክለቡ መጽሐፍ ሲወጣ አምጣልኝ፣ እሱ አይዋሽም» አለኝ። ክቡርነትዎ ልብ ይበሉልኝ፣ በዚህ ከተማ ውስጥ በእርስዎ መጽሐፍ ከልቡ ያመነ ሰው ቢኖር እሱ ነበር።

እኔም ያንን ይዤ ኮሚቴው ፊት ቀረብኩ። ክፍሉን አልረሳውም፤ ረጅሙ ጠረጴዛ፣ አቧራ የጠጡት የፕላስቲክ አበቦች፣ ከኋላዎ ያለው ቁልፉ የጠፋ የዋንጫ ቁም ሣጥን። እንዳላስቸግር ብዬ ዓረፍተ ነገሩን ራሴ አዘጋጅቼ መጥቼ ነበር፤ «የመጨረሻው ጨዋታ በረኛው የግብ ዕድል ሲያድን በመጎዳቱ ባዶ ለባዶ ተቋረጠ።» ይህችው ናት። ከመክፈቻው አራት ገጽ ላይ ከአንዱ የጃንጥላ ፎቶ ሥር ብትገባ እንኳ ሰው አያያትም ነበር። እርስዎም መነጽርዎን አውልቀው በትዕግሥት ሰሙኝና «ወንድሜ፣ ሐዘንህ ይገባኛል፤ ግን ያላለቀ ጨዋታ ጨዋታ አይደለም፤ ታሪክ ደግሞ የሚጽፈው ያለቀውን ነው» አሉኝ። እኔም፣ ያልተጀመረውስ ብዬ ጠየቅሁ። ይህን ጥያቄዬን ማንም የሰማው አልመሰለኝም። ጸሐፊዎ «ፎቶውስ የታለ?» ሲሉ፣ ማስረጃው ሱቄ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል፣ ካሜራችሁን ይዛችሁ ኑና አንሡት አልኳቸው። ያን ጊዜ ጸሐፊዎ ወደ እርስዎ ዞረው ድምፃቸውን ዝቅ ያደረጉ መስሏቸው «ደግሞ እሱን ካስገባን የሄልሜቱ ነገር ይነሳል» አሉ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ እኔ የራሱን እንኳ በሙያዬ አውቀዋለሁ፣ የአፉንም በዚያች ቀን አየሁት። ከዚያ በኋላ የሰው ዓይን ሁሉ የፕላስቲክ አበቦቹ ላይ ሆነ። እኔም ባርኔጣዬን አንሥቼ ወጣሁ።

ክቡርነትዎ፣ እስከዚህ ድረስ ያለው ቅሬታ ነው፤ ከዚህ በኋላ ያለው ውጤቱ ነው፤ ደራሲ የመጽሐፉን ፍሬ ማወቅ ስላለበት እነግርዎታለሁ።

መጽሐፉ እንደወጣ ወንድሜ ሰማ። ልደብቀው አስቤ ነበር፤ መምህሩ ጸጉሩን ሊስተካከል ሲመጣ ብብቱ ሥር ይዞት ገባና ነገሩ ከእጄ ወጣ። ወንድሜ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ መጽሐፉን ጉልበቱ ላይ ዘረጋው፤ ጣቱን ከመስመር መስመር እየጎተተ ያነብ ጀመር። እኔ የማስተካክለውን ሰው ጸጉር ከሚገባው በላይ አሳጠርኩት፤ ሰውዬውም አልተቆጣኝም። የመክፈቻውን ንግግር አነበበ፤ የእርስዎን ድንቅ ምት አነበበና ፈገግ አለ፤ መጨረሻ ላይ ሲደርስ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። ያን ቀን ምሳ አልበላም። ሲመሽ መጽሐፉን ዘጋና ቀና ብሎ፣ «እንግዲያው አልተጫወትነውም ማለት ነዋ!» አለኝ።

ተጫውታችኋል ብለው የእኔ ቃል ነው፤ መጽሐፉ የክለቡ ነው። ዝም ብለው፣ ዝምታዬ ከመጽሐፉ ጋር ተስማማ። መምህሩ መጽሐፉን ስለተወለት ይዞት ወደ ቤት ሄድን። ቤት ገብቶ መስታወት ፊት ቆመና ከጆሮው በላይ ያለችውን ጠባሳ በጣቱ እየዳበሰ እናታችንን ጠየቃት። «ታዲያ እማዬ፣ ይሄ ምንድን ነው? ምን መታኝ?»

እናታችን ውሸት አታውቅም። ልጆች ሳለን ለውሸት ነበር የምትገርፈን፤ ሌላውን ሁሉ ትምር ነበር። ወደ እኔ አየች፣ መጽሐፉን አየች፣ ከዚያ ጭንቅላቱን ደረቷ ላይ አስጠግታ «ከደረጃ ወድቀህ ነው ልጄ» አለችው። «እ» አለ፤ ተቀበለ።

ክቡርነትዎ፣ ቤታችን ደረጃ የለውም።

ከዚያ ወዲህ መጽሐፉን ትራሱ አጠገብ አድርጎ ይተኛል፤ ማለዳ ሲነሳ ይገልጠዋል፣ ይፈልጋል፣ ያጣል፣ ይዘጋዋል። ሱቄን ስከፍት አብሮኝ ይመጣል፤ አግዳሚው ላይ ይቀመጣል፤ አይጠይቀኝም። ያን ጥያቄ ስንት ቀን ሰልችቼው፣ ዛሬስ ባይነሳ ብዬ እንደነበር አምላክ ያውቃል። አሁን ማለዳ ማለዳ መቀሶቼን እየደረደርኩ ጆሮዬን አቁሜ እጠብቀዋለሁ። በሕይወቱ የሠራት ትልቅ ነገር ባዶ ጎል ላይ ጭንቅላቱን መስጠቱ ነበረች፤ እሱ ራሱ ባያስታውሳትም በአንድ ጥያቄ ያህል ይዟት ነበር። የእርስዎ መጽሐፍ እሷንም ወሰደለት።

ወዳጆቼ «እንግዲህ ማረሚያ ይታተም በላቸው» ይሉኛል። ልብ ለማድረቅ ካልሆነ በቀር ምን ሊጠቅም? ውኃ ቢወቅጡት መልሶ እምቦጭ ነው። ማረሚያውን የሚያጸድቀው ያው ኮሚቴ ነው፤ ፎቶውን የሚጠይቁት ያው ጸሐፊ ናቸው። ጨዋታውም ተመልሶ አይጫወትም። አዲስ ሄልሜት ተገዝቷል ሲባል ሰምቻለሁ፤ የወደፊቱ በረኛ ያድርገው፣ መልካም ነው። ስለዚህ ከእርስዎ የምጠይቀው አንዳችም ነገር የለም። ይህንንም ደብዳቤ የጻፍኩት እንዲመለስልኝ ብዬ ሳይሆን፣ ያ ጨዋታ አንድ ስፍራ ላይ፣ በጸጉር ቤት መስታወት ላይም ቢሆን፣ ተጽፎ እንዲያድር ብዬ ነው። ወንድሜ እንዳያየው ወደ ውጭ አዙሬ ለጥፌዋለሁ፤ እናታችን የነገረችውን ላፈርስባት አልደፍርም።

የክለቡ ታሪክ እርስዎ እንደቆዩበት ያህል ይርዘም፤ ጃንጥላዎ አይቀደድ፤ ካሜራው ከጎንዎ አይለይ፤ ጉልበትዎን ዝናብ ይማርልዎት፤ አዲሱ ጸጉር አስተካካይዎም እጁ ይፍታታለት እያልኩ፣ ከአግዳሚው ወንበርና አግዳሚው ላይ ከተቀመጠው ሰው ጋር ሆኜ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሳለሁ።

ከክለቡ ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ያለችው ጸጉር ቤት ባለቤት፣
የ«ወዘተ» ታላቅ ወንድም።

የረሳሁት፦ ያ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለው ፎቶዎ የተነሳው ከወዳጅነቱ ጨዋታ በኋላ ነበር። ያን ጊዜ ወንድሜ ከጎንዎ ቆሞ እንደነበር እኔም አይቻለሁ፤ ፎቶው መጽሐፉ ላይ ሲገባ ግን ቆርጣችሁ አውጥታችሁታል፤ የበረኛ ጓንት ያጠለቀችው እጁ ብቻ ትከሻዎ ላይ ቀርታለች። ባለፈው ሰኞ እሷን በጣቱ እያሳየ «ይህች እጅ የማን ናት?» ብሎ ጠየቀኝ። መጽሐፉ «ብቻቸውን» ስለሚል፣ የሊቀመንበሩ ናት አልኩት። ሁለቱ እጆችዎ ዋንጫውን እንዳቀፉ አየና ጥቂት አሰበ፤ ከዚያም አመነኝ። ስለዚህ መንገድ ላይ ሲያገኝዎት ሦስተኛዋን እጅዎን ሊጨብጥ ቢፈልግ እባክዎ አይቆጡት።